ጨፌና በቆሎ፦ የኢሉባቦር ረግረጎች ሥነ ምህዳር

በዓመት በዓል ቀን ወይም ቡና በሚፈላበት ቤት ወለሉ ላይ ለምለም ቄጠማ ተጎዝጉዞ ማየት ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ቄጠማ በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደሚበቅል፣ መሬቱስ ከቄጠማው ሌላ ምን ጥቅም እንደሚሰጥ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በመቱና በአካባቢዋ፣ የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ቃል ነው፤ ጨፌ። ጨፌ በአንድ በኩል የተክሉ ስም ሲሆን በሌላ በኩል ተክሉ የሚበቅልበት የረግረግ መሬት መጠሪያ ነው። ከዚህም አልፎ በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ጉባኤው የሚቀመጥበት ለምለም መስክ በዚሁ ስም ይጠራል፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት «ጨፌ ኦሮሚያ» መባሉም ከዚሁ የመነጨ ነው።

ስሙ ይህን ያህል የተከበረ ቢሆንም መሬቱ ግን ሁልጊዜ እንደ ስሙ አልተከበረም። ለብዙ ጊዜ በልማት ዕቅዶች ውስጥ ረግረግ ማለት ወባ የሚራባበት፣ ከብት የሚሰምጥበት፣ ሊጠነፍፍና ሊታረስ የሚገባው «ጠፍ መሬት» ማለት ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ረግረግን ጨርሶ መንካት እንደማይገባ የሚከራከሩ አሉ። የኢሉባቦር ገበሬ ከሁለቱም አስተያየቶች ጋር አይስማማም። እርሱ ጨፌውን ያርሳል፤ ነገር ግን ጨፌው እንዳይሞት ይጠነቀቃል። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? መቼስ ይቻላል፣ መቼስ ይከሽፋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን በሳይንስ ዓይን መመርመር ነው።

የምድሩ አቀማመጥ

ኢሉባቦር ከአገራችን ዝናባማ አካባቢዎች አንዱ ነው። የዓመቱ የዝናብ መጠን እንደ ቦታው ከ1,500 እስከ 2,200 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ዋናው የዝናብ ወቅት ከመጋቢትና ሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ደረቁ ወቅት አጭር ነው። የመቱ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከእርሷ በስተደቡብ ያለችው የቀድሞዋ የጠቅላይ ግዛቱ ርእሰ ከተማ ጎሬ ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በመካከላቸውና በዙሪያቸው ያለው ምድር ክብ ክብ ኮረብታዎችና በኮረብታዎቹ መካከል የተዘረጉ ጠባብ ሸለቆዎች የሚፈራረቁበት ነው።

ኮረብታዎቹ ላይ የቡና ጥላ የሆነው ደንና ቀይ አፈር ያለው እርሻ ይታያል። ዝናቡ በዚህ አፈር ውስጥ ይሰርጋል፤ ቀስ ብሎም በመሬት ውስጥ ወደ ታች ይጓዝና በኮረብታው ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ሸለቆው ለጥ ያለ በመሆኑ ውሃው በፍጥነት ሊሄድ አይችልም። በዚያው ይተኛል፤ ጨፌም ይፈጠራል። ስለዚህ የኢሉባቦር ረግረጎች እንደ ጣና ዳርቻ ወይም እንደ ጋምቤላ ሜዳ ሰፊ አይደሉም። አብዛኞቹ ትንንሽ፣ ረዣዥምና ጠባብ ሆነው በየሸለቆው ወለል ተበታትነው የሚገኙ፣ የወንዞች መነሻ የሆኑ ረግረጎች ናቸው። ከእነዚህ የሚወጡት ጅረቶች እንደ ሶር ያሉትን ወንዞች ይመግባሉ። ሶር ወደ ገባ ይገባል፤ ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮን ይፈጥራሉ፤ ባሮም በጋምቤላ አልፎ በሶባት በኩል ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በመቱ አቅራቢያ ባለ አንድ ሸለቆ የሚቆፈር ቦይ እጅግ ትንሽ ነገር ይመስላል። ቦዮቹ በመቶዎች ሲቆጠሩ ግን ጉዳዩ የሸለቆው ብቻ ሳይሆን የተፋሰሱ ይሆናል።

አየር የሌለበት አፈር

ረግረግን ረግረግ የሚያሰኘው ውሃ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ ውሃው በአፈሩ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ነው። በደረቅ አፈር ውስጥ በቅንጣቶቹ መካከል ያሉት ክፍተቶች አየር ይይዛሉ። አፈሩ በውሃ ሲሞላ አየሩ ይወጣል። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ስለሆነ በአፈሩ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን የነበረውን ኦክስጅን በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል፤ ምትኩም በቶሎ አይመጣም።

ኦክስጅን ያለቀባቸው ባክቴሪያዎች ግን ሁሉም አይሞቱም። ለመተንፈስ ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። በቅድሚያ ናይትሬትን ይጠቀማሉ፤ ከዚያ ማንጋኒዝን፣ ቀጥሎ ብረትን፣ ከዚያም ሰልፌትን። በመጨረሻ ሚቴን የተባለው ጋዝ የሚመነጭበት ደረጃ ይደርሳል። ረግረግ ስንረግጥ ከጭቃው የሚወጣው አረፋ በአብዛኛው ይኸው ጋዝ ነው። አንዳንድ ጊዜ የሚሸተን የተበላሸ ዕንቁላል ሽታ ደግሞ ከሰልፌት የሚመነጨው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ምልክት ነው።

ከእነዚህ ደረጃዎች ውስጥ በዓይን ሊታይ የሚችለው የብረቱ ነው። የኢሉባቦር ኮረብታዎች አፈር ቀይ የሆነው በውስጡ ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ስለዛገ ነው። በረግረጉ ውስጥ ግን ባክቴሪያዎች የዛገውን ብረት ወደሚሟሟ ዓይነት ይለውጡታል፤ በዚህም ምክንያት አፈሩ ቀይነቱን አጥቶ ግራጫ ወይም ሰማያዊ መሰል ይሆናል። ይህ የሟሟ ብረት ወደ አየር ሲወጣ እንደገና ይዝጋል። በምንጭ አፍና በቦይ ውስጥ የሚታየው ብርቱካናማ ዝቃጭ፣ በውሃው ላይም የሚንሳፈፈው ዘይት መሰል ቀጭን ሽፋን ከዚሁ የመጣ ነው። ሽፋኑ እውነተኛ ዘይት አለመሆኑን ለማወቅ በእንጨት መንካት ይበቃል፤ ዘይት ከሆነ ወዲያው ተመልሶ ይገጥማል፤ የብረት ሽፋን ከሆነ ግን እንደ ቀጭን መስተዋት ተሰባብሮ ይቀራል።

አየር በሌለበት አፈር ውስጥ የደረቀ ቅጠልና ሥር በቶሎ አይበሰብስም። ዓመት ከዓመት እየተደራረበ ጥቁርና ለስላሳ አፈር ይሠራል። ይህ አፈር ካርቦንን አምቆ ያስቀምጣል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የብስባሽ ክምችት ያላቸው መሬቶች ከየብሱ 3 በመቶ ያህል ብቻ ይሸፍናሉ፤ ሆኖም በውስጣቸው ያለው ካርቦን በዓለም ደኖች ዕፅዋት ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጣል። ይህንኑ ጥቁር አፈር ገበሬው ለምነቱን አይቶ ይመኘዋል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ አፈሩ ጥቁርና ለም ሆኖ የቆየው ውሃ ስላለበት ነውና።

በጨፌ ውስጥ የሚኖሩ

በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ የሚበቅል ተክል ሥሩን በራሱ መንገድ ማስተንፈስ ይኖርበታል። የአካባቢው ዋና ተክል የሆነው ጨፌ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳይፔረስ ላቲፎሊየስ፣ ከደንገል ጋር የአንድ ወገን ተክል ነው። ግንዱን ብንቆርጠው ሦስት ማዕዘን ያለው ሆኖ እናገኘዋለን፤ ውስጡም እንደ ሰፍነግ ክፍት ክፍት ነው። በእነዚህ ክፍተቶች አየር ከቅጠሉ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ከሥሩ የሚያመልጠው ጥቂት ኦክስጅን በዙሪያው ያለውን ብረት ስለሚያዝገው በግራጫው ጭቃ ውስጥ የሥሮቹን መንገድ የሚያሳዩ ቀያይ መስመሮች ይታያሉ። በቆሎ በአንጻሩ ሥሩ በውሃ ተከብቦ ብዙ ቀን ሊቆይ አይችልም። በረግረግ ውስጥ በቆሎ ለመዝራት ቦይ ማውጣት ግዴታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨፌ ለሰው የሚሰጠው ጥቅም በጉዝጓዝ አይወሰንም። የሣር ቤት ክዳን ነው። በደረቁ ወቅት ለከብት መኖ ይሆናል። ታጭዶ ወደ መቱ፣ ወደ ጎሬና ወደ ሌሎች ከተሞች ገበያ ይሄዳል። በረግረጉና በወንዙ ዳር የሚበቅለው፣ በኦሮምኛ ሜጢ የሚባለው የዘንባባ ዓይነት ደግሞ ቅጠሉ ለምንጣፍና ለልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ይውላል። በጨፌው ውስጥ ለመድኃኒትነት የሚለቀሙ ዕፅዋትም አሉ።

የዱር እንስሳቱን ስንመለከት ጨፌው በተለይ ለአእዋፍ ወሳኝ ነው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ረግረጎች ከሚኖሩት መካከል ሁለት የክሬን ዝርያዎች ይገኛሉ። አንደኛዋ በራሷ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋች የምትመስለው ጥቁር ባለ ዘውድ ክሬን ናት። ሁለተኛዋ ከመንጋጋዋ ሥር ሁለት የሥጋ ጉትቻ የምታንጠለጥለው ረዥም ክሬን ናት። ሁለቱም በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች መካከል ተመዝግበዋል። ጎጇቸውን የሚሠሩት መሬት ላይ፣ በውሃ በተከበበ የረግረግ ሣር መካከል ነው፤ ውሃው ቀበሮና ውሻ እንዳይደርስባቸው ይከላከልላቸዋል። ረግረጉ ሲጠነፍፍ አጥሩ ፈረሰ ማለት ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የምትገኘው፣ ቡናማ መልክ ያላትና ጅራቷን እያወዛወዘች በረግረግ ዳር የምትመላለሰው የሩዤ ሬይልም እንዲሁ የዚህ መኖሪያ ጥገኛ ናት።

ከአእዋፍ ሌላ እንቁራሪቶች፣ የውሃ ጥንዚዛዎችና ተርብ መሰል ክንፈ ረዣዥም በራሪዎች በብዛት ይኖራሉ። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሌላ አገር የማይገኙ የእንቁራሪት ዝርያዎች ያሉበት አካባቢ ነው። እነዚህ ትንንሽ ፍጥረታት የወባ ትንኝ እጮችን ስለሚመገቡ ወደ ኋላ ስለ ወባ ስንነጋገር እንመለስባቸዋለን።

ረግረግ እንደ ሰፍነግ ነውን?

በመማሪያ መጻሕፍት ረግረግ ብዙ ጊዜ ከሰፍነግ ጋር ይነጻጸራል፤ በክረምት ውሃ ይመጣል፣ በበጋ ይለቃል ይባላል። ምሳሌው ግማሽ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ረግረግ ውሃ አይፈጥርም፤ እንዲያውም በዕፅዋቱ ትነት አማካይነት ጥቂት የማይባል ውሃ ወደ አየር ይለቃል። በበጋ ወደ ጅረቱ የሚደርሰው ውሃ በአብዛኛው ከኮረብታው ውስጥ ቀስ እያለ የሚመጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የረግረጉ ድርሻ ይህን ውሃ ማዘግየት ነው። ለምለሙ ዕፅዋትና ለስላሳው አፈር በሸለቆው ወለል ላይ የውሃውን ከፍታ ጠብቀው ስለሚያቆዩት በኮረብታው ውስጥ ያለውም ውሃ ቶሎ ተንዶ አይወርድም። ረግረጉ በጥልቅ ቦይ ሲከፈት በጋን ሥሯ እንደ መብሳት ይሆናል፤ የሸለቆው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውሃም ይወርዳል።

ይህ ልዩነት የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የረግረጉ ጤንነት በኮረብታው ጤንነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያሳየናል። ከላይ ያለው ደን ተመንጥሮ ዝናቡ ወደ አፈር መስረጉን ትቶ በላዩ ላይ የሚጋልብ ከሆነ፣ ወደ ጨፌው የሚደርሰው ምንጭ ሳይሆን ጎርፍና ደለል ነው። በዚህ ረገድ በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን ባዮስፌር ክልል የቡና ዘር ሀብት መጠበቂያ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ላሉ ምንጮችና ረግረጎችም ዋስትና ነው። ደኑ ለቡናው፣ ኮረብታው ለምንጩ፣ ምንጩ ለጨፌው፣ ጨፌው ለወንዙ የተያያዙ ናቸው።

ለገጠር ቤተሰብ የዚህ ሁሉ ትርጉም የሚታወቀው በምንጩ ነው። ብዙዎቹ የመጠጥ ውሃ ምንጮች የሚገኙት በጨፌው ዳርና ራስጌ ነው። ምንጩ በበጋ ከደረቀ እንስራ ተሸክመው ሩቅ የሚሄዱት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ስለዚህ አንድ ረግረግ ሲጠነፍፍ ትርፉና ኪሳራው በእኩል አይከፋፈልም። በቆሎው የቦታው ባለይዞታ ነው፤ የጠፋው ጨፌና የደረቀው ምንጭ ግን የሁሉም ነበር።

በቆሎ በረግረግ ውስጥ

ጥናቶች እንደሚያመለክቱት በኢሉባቦር የረግረግ ዳር እርሻ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርታት በምግብ እጥረት ዘመን ጭሰኞች ረግረጉን ቦይ እያወጡ እንዲያርሱ ይደረግ እንደነበር ይነገራል። ቡና በደጋው እየሰፋ ሲሄድ ደግሞ ለእህል የሚሆን መሬት ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 ከወሎና ከትግራይ በድርቅ የተጎዱ ወገኖች በምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሰፍሩ፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበራት አማካይነት ረግረግ ማልማት ተበረታታ። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. እንዲሁ በምግብ ራስን የመቻል ዘመቻ ስም ረግረጎችን ማጠንፈፍ የመንግሥት አቅጣጫ ሆኖ ነበር።

ገበሬው ወደ ጨፌው የሚወርድበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኮረብታው ላይ የሚዘራው በቆሎ የሚደርሰው ከጥቅምት በኋላ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ጎተራ ይራቆታል፤ ቡናም ገና አልተለቀመም። በጨፌው ውስጥ ግን ከጥር እስከ መጋቢት፣ በደረቁ ወቅት በአፈሩ እርጥበት የሚዘራ በቆሎ በሰኔና በሐምሌ ይደርሳል። ይህ እህል በመጠን ከዓመቱ ምርት ጥቂቱ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ግን የሚለካው በሚደርስበት ወር ነው። «ረግረግ አትንኩ» የሚል ምክር በገበሬው ዘንድ ተሰሚነት የማያገኘው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ጨፌው ታጭዶ ይጸዳል። በሸለቆው መካከል አንድ ዋና ቦይ፣ ከእርሱም ጋር የሚገናኙ ትንንሽ ቦዮች ይወጣሉ። ሥራው ከባድ ስለሆነ በደቦ ይሠራል። የቦዮቹ ጥልቀትና ርቀት የሚወሰነው የውሃው ከፍታ ከበቆሎው ሥር ዝቅ እንዲል፣ ነገር ግን ሥሩ ሊደርስበት የማይችል ያህል እንዳይርቅ ነው። አፈሩ መድረቅ ሲጀምር ቦዩ በጭቃና በሣር ይዘጋል፤ ሲበዛ ይከፈታል። በጥሩ ሁኔታ በተያዘ ጨፌ የረግረጉ ራስጌ፣ ማለትም ምንጮቹ የሚወጡበት ክፍል፣ እንዲሁም ውሃው የሚወጣበት የታችኛው አፍ ሳይታረሱ ይተዋሉ። ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ቦዮቹ ተዘግተው ረግረጉ እንደገና በውሃ ይሞላል፤ ጎርፉ አዲስ ደለል ያመጣል፤ ጨፌውም ተመልሶ ይበቅላል።

ከሳይንስ አንጻር ስናየው ይህ ዘዴ ጊዜን በመከፋፈል ላይ የተመሠረተ ነው። አፈሩ ለጥቂት ወራት አየር ያገኛል፤ በዚያን ጊዜ ብስባሹ ተሰባብሮ ለበቆሎው ንጥረ ነገር ይለቃል። ከዚያ በኋላ ውሃው ተመልሶ መበስበሱን ያቆመዋል። ገበሬው ከረግረጉ ቁጠባ ወለዱን እየበላ ዋናውን ያቆያል ማለት ይቻላል።

ጨፌው የሚሞተው መቼ ነው?

ይህ ሚዛን የሚፈርስባቸው መንገዶች በዋናነት አራት ናቸው።

አንደኛው ቦዩን ከልክ በላይ ማጥለቅ ነው። ውሃው እጅግ ሲወርድ ጥቁሩ አፈር ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። በብስባሽ የበለጸገ አፈር አንዴ ፈጽሞ ከደረቀ ውሃ የመግፋት ባሕርይ ያመጣል፤ በሚቀጥለው ክረምት ቢዘንብበት እንደ ቀድሞው አይመጥም። ከዚህም ጋር በዘመናት የተከማቸው ብስባሽ በኦክስጅን እየተቃጠለ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ የመሬቱ ገጽ ራሱ ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ማረስ ነው። ከበቆሎው በኋላ ጤፍ የሚዘራ ከሆነ ረግረጉ የሚያርፍበትና በውሃ የሚሞላበት ጊዜ ይታጣል። ለጤፍ ማሳው ይበልጥ መድረቅና መለስለስ ስላለበት ቦዩ ይጠልቃል፤ ከብትም ለማረሻና ለመርገጫ ይገባል።

ሦስተኛው የከብት ግጦሽ ነው። የረግረግ አፈር ልስልስ በመሆኑ በሰኮና ሲረገጥ ክፍተቶቹ ይዘጋሉ። ዝናቡ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ በላዩ ይሮጣል። የጨፌው ቡቃያም ገና ከመሬት ሳይርቅ ይቀጫል። አጫጭር ሣሮች ቦታውን ይወርሳሉ።

አራተኛው ከላይ የሚመጣ ነው፤ የኮረብታው ደን መመንጠር፣ በረግረጉ ዳር ባሕር ዛፍ መትከል፣ የቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ጅረት መልቀቅ። የቡና ገለፈት ስኳር የበዛበት ስለሆነ ባክቴሪያዎች እርሱን ሲመገቡ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣና ሌሎች የውሃ ፍጥረታት የሚሞቱት በመርዝ ብቻ ሳይሆን በመታፈን ጭምር ነው።

የረግረግን መሞት የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ጨፌው ሳስቶ በደረቅ መሬት ሣርና አረም ይተካል። ጥቁሩ አፈር ወደ ቀይ ወይም ወደ አመድማ ይለወጣል። ምርቱ ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። ምንጩ ከበፊቱ ቀድሞ ይደርቃል። የአካባቢው ገበሬዎች እነዚህን ምልክቶች ያውቋቸዋል። ከላይ እንዳየነው የአፈሩ መቅላት ብረቱ ዳግመኛ መዛጉን የሚያሳይ ነው፤ ይህም ማለት ኦክስጅን ከሚገባው በላይ ጠልቆ ገብቷል ማለት ነው። ገበሬው በዓይኑ የሚያነበውን ኬሚስቱ በቀመር ይጽፈዋል።

ወባስ?

ረግረግን ለማጠንፈፍ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ ወባን ማጥፋት ነው። አስተሳሰቡ ቀላል ይመስላል፤ ውሃ ከሌለ ትንኝ የለም። ነገር ግን በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትመርጠው በዕፅዋት የተሸፈነ ሰፊና ቀዝቃዛ ረግረግን አይደለም። የምትወደው ፀሐይ የሚያርፍበት፣ ትንሽና አዲስ የተፈጠረ ኩሬ ነው፤ የከብት ኮቴ፣ የጡብ ጭቃ ጉድጓድ፣ የተዘጋ ቦይ። በቋሚ ረግረግ ውስጥ እጮቿን የሚበሉ ነፍሳትና እንቁራሪቶች ይኖራሉ፤ በትናንሽ ጊዜያዊ ኩሬዎች ግን አዳኞቹ ገና አልደረሱም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሳትፎ በግልገል ጊቤ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል።

በዩጋንዳ ደጋማ አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የታረሱ ረግረጎች ካልታረሱት ይልቅ ሞቃት መሆናቸውንና በአጠገባቸው ባሉ መንደሮች የወባ ሥርጭት ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው በአገራችን በተካሄደ ምርምር የተገኘውና በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው ውጤት ነው። የአኖፊለስ አራቢየንሲስ እጮች ከበቆሎ አበባ የሚረግፈውን ብናኝ ይመገባሉ፤ ብናኙን ያገኙት እጮች በፍጥነት ያድጋሉ፣ ከእነርሱም ትልልቅ ትንኞች ይወጣሉ። ሦስቱን ግኝቶች ስናገናኝ፣ ጥላው የተነሣ፣ አዳኝ የሌለበት፣ በበቆሎ የተከበበ ቦይ ለወባ ትንኝ ከድንግሉ ጨፌ የተሻለ ማሳደጊያ ሊሆን እንደሚችል እንረዳለን። ስለዚህ ረግረግ ማጠንፈፍ በራሱ የወባ መከላከያ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በረግረግ የሚያርሱ ቀበሌዎች አጎበርና የቦይ ጽዳት ያስፈልጋቸዋል።

አባ ለጋ

የጨፌ ውሃ የአንድ ሰው ሊሆን አይችልም። ከላይ ያለው ገበሬ ቦዩን በዘፈቀደ ቢከፍት ከታች ያለው በጎርፍ ይጠቃል፤ ከታች ያለው ቦዩን ባያጸዳ ከላይ ያለው በቆሎ ይሰምጣል። ዘሩም በአንድ ጊዜ ካልተዘራ ከርከሮና ዝንጀሮን በጋራ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ በኢሉባቦር የረግረግ ገበሬዎች የራሳቸው መተዳደሪያ አላቸው። የሚመርጡት አስተባባሪ አባ ለጋ ይባላል፤ ለጋ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። አባ ለጋ ቦይ የሚጸዳበትን ቀን ይወስናል፣ የማይወጣውን ይገሥጻል፣ በውሃ የተጣሉትን ያስታርቃል።

እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 በእንግሊዝ አገር የሃደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፉበት የኢትዮጵያ ረግረጎች የምርምር ፕሮግራም በኢሉባቦር ሰፊ ጥናት አድርጓል። ከጥናቱ ዋና ትምህርቶች አንዱ፣ ረግረጎቹ ለብዙ ዓመታት ታርሰው ሊቆዩ የቻሉት በገበሬዎቹ ዕውቀትና በእነዚህ መተዳደሪያዎች ምክንያት መሆኑ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው ኢትዮ-ዌትላንድስ የተባለው አገር በቀል ማኅበርም በመቱ አካባቢ ከማኅበረሰቡ ጋር በረግረጎችና በተፋሰሶች ላይ ሲሠራ ቆይቷል።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ፣ «ይህን ያህል ሄክታር አጠንፍፉ» የሚልም ሆነ «አንድም አትንኩ» የሚል፣ እያንዳንዱ ጨፌ የየራሱ ምንጭ፣ የየራሱ ተዳፋትና የየራሱ አፈር ያለው መሆኑን ይረሳል። አባ ለጋ የሚያውቀው ግን ይህን ነው። ይሁን እንጂ የአባ ለጋ ሥልጣን በስምምነት ላይ የቆመ ስለሆነ ሕዝብ ሲበዛ፣ መሬት ሲጠብና ሕጋዊ ድጋፍ ሲጠፋ ይዳከማል።

ተማሪው ምን ሊያደርግ ይችላል?

በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ብቻ ከተመዘገቡት የተፈጥሮ ረግረጎች 35 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል። ራምሳር በተባለችው የኢራን ከተማ እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 1971 የተፈረመው የረግረጎች ስምምነት መታሰቢያ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር በጥር መጨረሻ የሚውለው፣ በየዓመቱ ይከበራል። ቀኑ በኢሉባቦር ቦይ ከሚወጣበትና በቆሎ ከሚዘራበት ወቅት ጋር መገጣጠሙ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች መልካም አጋጣሚ ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ክበብ ውድ መሣሪያ ሳያስፈልገው ጠቃሚ መረጃ ሊሰበስብ ይችላል። የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ በጨፌው ውስጥ ተክሎ በየሳምንቱ የውሃውን ጥልቀት በሜትር መለካት ይቻላል። አንድ ምንጭ እንስራ ለመሙላት የሚፈጅበትን ጊዜ በየወሩ መመዝገብ ይቻላል። የአፈሩን ቀለም በየጥልቀቱ ማየት፣ በቦይ ውስጥና በድንግሉ ጨፌ ውስጥ ያሉትን የትንኝ እጮች ቆጥሮ ማወዳደር፣ ክሬኖች የታዩበትን ቀንና ቦታ መጻፍ ይቻላል። እንዲህ ያለ መዝገብ ለአምስትና ለአሥር ዓመት ሳይቋረጥ ቢያዝ ለተመራማሪውም ሆነ ለአባ ለጋው ዋጋው ከፍተኛ ይሆናል።

በአጭሩ፣ የኢሉባቦር ጨፌ ጠፍ መሬት አይደለም፤ የማይነካ ገዳምም አይደለም። በክረምት ውሃ፣ በበጋ እህል የሚሰጥ፣ ነገር ግን የዕረፍት ጊዜውን የሚጠይቅ መሬት ነው። ምንጩ የሚወጣበትን ራስጌ መተው፣ ቦዩን ከምርት በኋላ መዝጋት፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አለማረስ፣ ከብትን ማራቅ፣ ከላይ ያለውን ደን መጠበቅ፤ እነዚህ አምስት ነገሮች ከተጠበቁ በሰኔ ለልጆች የሚሆን እሸት፣ በበጋ ለእንስራ የሚሆን ውሃ፣ በበዓልም ለወለል የሚጎዘጎዝ ጨፌ ከአንድ ሸለቆ ማግኘት ይቻላል። ካልተጠበቁ ግን መጀመሪያ ጨፌው፣ ቀጥሎ ምንጩ፣ በመጨረሻም ጨፌው የጠፋለት በቆሎ ራሱ ይጠፋል።